ወደ ጁል በዙሪያ መንገድ፦ የስበት እገዛ ጉዞ ማስታወሻ

መነሻው

ከርባል ስፔስ ፕሮግራም በሚባለው የጠፈር ጉዞ የኮምፒውተር ጨዋታ ላይ አንዲት ትንሽ መንኮራኩር ሥራ ፈትታ የመነሻዋን ፕላኔት ከርቢንን ትዞራለች። ከፍታዋ 80 ኪሎ ሜትር ነው። የሠራኋት ዱና ለምትባለው ፕላኔት ነበር፤ የዱናውን ሥራ ሌላ መንኮራኩር ቀድማ ጨረሰችው። ታንኩ ውስጥ ያለው ነዳጅ 1,500 ሜትር በሰከንድ ዴልታ ቪ (ሞተሩ ሊያመጣ የሚችለው ጠቅላላ የፍጥነት ለውጥ) ይሰጣል። ለዱና ይበቃል። እኔ ግን ሩቋን ግዙፍ ፕላኔት ጁልን ፈለግሁ።

ሒሳቡ አይፈቅድም። ከዚህ ምህዋር ተነስቶ በቀጥታ ጁል ለመድረስ 1,930 ገደማ ያስፈልጋል። እሱም ለመድረስ ብቻ ነው። እዚያ ፍጥነት ቀንሶ ለመቅረት የሚወጣው ሌላ ሒሳብ ነው። ስለዚህ ወይ ነዳጅ የሚያደርስ ሌላ ሮኬት ልልክ ነው፣ ወይ የጎደለኝን ፍጥነት ከፕላኔቶች ልወስድ ነው። የመጀመሪያው ቀላል ነው፣ ግን ይሰለቻል። ሁለተኛውን መረጥኩ።

መንገዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ወደ ውስጥ፣ ለፀሐይ ወደምትቀርበው ፕላኔት ወደ ኢቭ መውረድ። ኢቭን ጨርፎ፣ ማለትም አጠገቧ አልፎ በስበቷ ታጥፎ፣ ወደ ከርቢን መመለስ። ከርቢንን ጨርፎ ማለፍና ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና እዚያው መገናኘት። ከዚያ ወደ ጁል። ሩቅ ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ፀሐይ መጠጋት ግራ ያጋባል፤ ግን ይሠራል።

ይህን መንገድ እኔ አልፈጠርኩትም። የናሳዋ መንኮራኩር ጋሊልዮ በእውነተኛው ሰማይ ሄዳበታለች። መጀመሪያ የታሰበላት ሴንቶር የሚባል ኃይለኛ የሮኬት ደረጃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ሰዎችን የጫነችው የጠፈር ማመላለሻ ቻሌንጀር ከተከሰከሰች በኋላ ሴንቶርን በጠፈር ማመላለሻ ጭኖ መውጣት ቀረ። ጋሊልዮ በደካማ ሮኬት ጁፒተር መድረስ ነበረባት። ኦክቶበር 18 ቀን 1989 ተነሳች። በፌብሩዋሪ 1990 ቬነስን፣ በዲሴምበር 1990 ምድርን፣ በዲሴምበር 1992 ደግሞ ምድርን እንደገና ጨረፈች። ጁፒተር የደረሰችው ዲሴምበር 7 ቀን 1995 ነው። ቬነስን በኢቭ፣ ምድርን በከርቢን፣ ጁፒተርን በጁል ተኩና የኔን ዕቅድ ታገኛላችሁ።

ወረቀት ላይ

ጨዋታው በአንድ ጊዜ የአንድ አካልን ስበት ብቻ ነው የሚያሰላው። ኢቭ የስበት ክልል ውስጥ እስካላችሁ ድረስ ፀሐይ የለችም። ከክልሉ ስትወጡ ደግሞ ኢቭ የለችም። እውነተኛው ሰማይ እንዲህ አይደለም። ለዕቅድ ግን ትልቅ ፀጋ ነው፤ በካልኩሌተርና በአንድ ገጽ ወረቀት የትም መድረስ ይቻላል። ፕሪንሲፒያ የሚባለውን ሞድ (ጨዋታው ላይ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም) የጫኑ ሰዎች የሁሉንም ስበት ባንዴ ስለሚያሰሉ ይህ ገጽ ለእነሱ መነሻ እንጂ መልስ አይሆንም።

ሁሉም ነገር የሚዞረው በአንድ ቁጥር ላይ ነው፤ የፕላኔቷን የስበት ክልል ስትገቡ ከፕላኔቷ አንጻር ባላችሁ ፍጥነት። ትርፍ ፍጥነት እለዋለሁ። በዚህ ፍጥነት ከገባችሁ በዚሁ ፍጥነት ትወጣላችሁ። ፕላኔቷ መጠኑን አትነካውም። አቅጣጫውን ብቻ ታጥፈዋለች። ያ የታጠፈ ፍጥነት ከፕላኔቷ የራሷ ፍጥነት ጋር ሲደመር ግን ከፀሐይ አንጻር ያለው ፍጥነት ይለወጣል። ትርፉ የሚገኘው እዚያ ላይ ነው።

ይህን ይዤ ርካሹን መንገድ ፈተሽኩት። ወደ ኢቭ በጣም የሚረክሰው የሆህማን ሽግግር ነው፤ የሁለቱን ፕላኔቶች ምህዋር ታክኮ የሚያገናኝ ግማሽ ሞላላ መንገድ። 1,040 ገደማ ያስወጣል። ኢቭ ጋ በ840 ትርፍ ፍጥነት ያደርሳል። ችግሩ አቅጣጫው ነው። በሆህማን መንገድ የደረሰች መንኮራኩር የኢቭን ምህዋር ታክካ ስለምትመጣ ፍጥነቷ ከኢቭ ጉዞ ጋር አንድ አቅጣጫ ነው። ከዚህ በላይ ወደ ፊት ማጠፍ አይቻልም። ወደየትም ብትታጠፍ ኪሳራ ነው። ኢቭ እንዲህ ለመጣች እንግዳ የምትሰጠው ፍጥነት የላትም። ያለውን መቀነስ ብቻ ነው የምትችለው።

ብዙ የተጫዋቾች መመሪያ ይህን ዘሎ ያልፋል። «ፕላኔቷን ከኋላ እለፍ፣ ፍጥነት ታገኛለህ» ይላል። ከኋላ ማለፉ ልክ ነው። ግን የምትታጠፍበት ቦታ ይዞ መምጣት ያስፈልጋል። ምህዋሯን ታክኮ ሳይሆን አቋርጦ መምጣት ማለት ነው።

ስለዚህ ከርቢንን ስለቅ ትንሽ ጠንከር ብዬ ገፋሁ፤ ወረቀት ላይ ማለቴ ነው። ከ1,040 ይልቅ 1,100። አሁን ምህዋሩ ለፀሐይ የሚቀርብበት ነጥብ ከኢቭ ምህዋር በታች ይወርዳል። የኢቭ ምህዋር 9.83 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ የኔ ቅርብ ነጥብ 9 ሚሊዮን አካባቢ ሆነ። የኢቭን መንገድ ሁለት ጊዜ አቋርጣለሁ፤ አንዴ ስወርድ፣ አንዴ ስወጣ። ትርፍ ፍጥነቱስ? ከ840 ወደ 1,900 ዘለለ። 60 ከፍዬ ከ1,000 በላይ አገኘሁ። የጉዞው ትልቁ ቅናሽ ይኼ ነው፤ ገና የትኛዋንም ፕላኔት ሳልነካ።

አብዛኛው የአዲሱ ፍጥነት ወደ ጎን ነው የሚያመለክተው። ከኢቭ የጉዞ አቅጣጫ ጋር 74 ዲግሪ ገደማ ይሠራል። ኢቭ ከባድ ናት፤ ወለሏ ላይ ያለው ስበት ከከርቢን በ1.7 እጥፍ ይበልጣል። ከከባቢ አየሯ ጫፍ ከ90 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ብዬ ባልፍ እስከ 95 ዲግሪ ድረስ ልታጥፈኝ ትችላለች። 74 ብቻ ስለምፈልግ ከ700 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ዘና ብዬ አልፋለሁ። ስወጣ ፍጥነቴ በሙሉ ወደ ፊት ይዞራል። ከፀሐይ አንጻር 12,860 ሜትር በሰከንድ ገደማ ይሆናል። ይህ ከዱና ምህዋር አልፎ እስከ 22 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያደርሳል።

ከዚያ በኋላ የከርቢንን ምህዋር ሳቋርጥ ትርፍ ፍጥነቴ 3,600 ነው። ይህን ቁጥር ከቀጥታው ጉዞ ጋር አስተያዩት። በሞተር ወደ ጁል የሚሄድ ሰው ከርቢንን የሚለቀው በ2,700 ትርፍ ፍጥነት ነው። እኔ ከዚያ የሚበልጥ ይዤ መጥቻለሁ፣ አቅጣጫው ግን ተበላሽቷል። ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል ከፀሐይ ወደ ውጭ ነው የሚያመለክተው። ከርቢን ልታቃናልኝ ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ሕግ ይመጣል። በፈጠንክ ቁጥር ፕላኔቷ አንተን ለማጠፍ ጊዜ የላትም። በ3,600 ስመጣ ከርቢን 80 ኪሎ ሜትር ላይ ባልፋት እንኳ 33 ዲግሪ ብቻ ነው የምታጥፈኝ። ይህ እስከ 52 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያደርሳል። ጁል ያለችው በአማካይ 68.8 ሚሊዮን ላይ ነው። አንድ የከርቢን ጨረፍታ አይበቃም።

ሁለት መውጫ አለ። አንደኛው ከርቢን አጠገብ በቅርቡ ነጥብ ላይ ሞተር ማንደድ ነው። 310 ገደማ ይጠይቃል። ሁለተኛው ከርቢንን ሁለት ጊዜ መጠቀም ነው። በመጀመሪያው ጨረፍታ ፀሐይን ልክ በሁለት ዓመት የምዞርበት ምህዋር ላይ እገባለሁ። ሁለት ዓመት ሲሞላ እኔም ከርቢንም እዚያው ነጥብ ላይ ነን። በዚያው 3,600 እገናኛታለሁ፣ የቀረውንም ታጥፈኛለች። ዋጋው ሁለት ዓመት ነው፤ ነዳጁ ግን ዜሮ ማለት ይቻላል።

ይህ ሐሳብ ከጋሊልዮም በፊት ነበር። የናሳ መንኮራኩር ማሪነር 10 እ.ኤ.አ. በ1974 ቬነስን ጨርፋ ሜርኩሪን ለመጎብኘት ስትታቀድ፣ ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ጁሴፔ ኮሎምቦ አንድ ነገር አስተዋለ። ከሜርኩሪ በኋላ የመንኮራኩሯ የፀሐይ ዙር የሜርኩሪን ሁለት እጥፍ ሊሆን እንደሚችል አየ። ያ ከሆነ ደጋግማ ትገናኛታለች። ተሳካ፤ ሜርኩሪን ሦስት ጊዜ ጎበኘቻት።

310 ሜትር በሰከንድ ወይስ ሁለት ዓመት? ጨዋታው ውስጥ ሁለት ዓመት በታይም ዋርፕ (ጊዜውን በማፍጠን) የደቂቃ ነገር ነው። ነዳጅ ግን አይመለስም። ሁለት ዓመቱን መረጥኩ። ሰዎችን ጭኜ፣ ምግብና ኦክስጅን የሚቆጥር ሞድ ጭኜ ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ነበር።

መስኮቱ

መንገዱ ካለ በኋላ የሚቀረው ቀኑ ነው። ትዕግሥት የሚፈታተነውም እሱ ነው።

ለሆህማን ሽግግር ኢቭ ከከርቢን 54 ዲግሪ ወደ ኋላ ስትሆን ነው የሚነሱት። መክጄብ የሚባለው ሞድም ሆነ ጨዋታው ከ1.12 እትሙ ጀምሮ ያካተተው የማኑቨር ዕቅድ መሣሪያ የሚነግራችሁ ወደዚህ የተጠጋ ነው። የኔ መንገድ ግን ረጅም ነው። ወደ ፀሐይ ወርጄ፣ ቅርቡን ነጥብ አልፌ፣ ስወጣ ነው ኢቭን የምገናኛት። ስለዚህ ኢቭ 32 ዲግሪ ገደማ ብቻ ወደ ኋላ መሆን አለባት። ይህ ከተለመደው መስኮት (የመነሻ ጊዜ) 40 ቀን ያህል ይዘገያል። ቀን ስል የከርቢንን ነው፤ ስድስት ሰዓት ናት። ዓመቷ 426 ቀን ነው።

ስወርድ ሳይሆን ስወጣ የመረጥኩት ለምንድን ነው? ስወርድ ብገናኛት ኢቭ ጋ 124 ቀን ላይ እደርሳለሁ፤ ፈጣን ነው። ግን ከዚያ በኋላ ከርቢን በቦታዋ የለችም። ስወጣ ከተገናኘሁ 198 ቀን ይፈጃል። ከዚያ ፀሐይን አንድ ሙሉ ዙር ዞሬ ትንሽ ስጨምር ከርቢን በ7 ዲግሪ ልዩነት እዚያው አካባቢ ትገኛለች። 7 ዲግሪ ማለት 8 ቀን ነው። የኢቭን ትርፍ ፍጥነት በትንሹ ከፍ በማድረግ ይዘጋል። ሌሎቹን ውህዶች ስሞክር ልዩነቱ 45፣ 53፣ 100 ዲግሪ ነበር። 7 ስታገኙ ደስ ይበላችሁ።

ጁል ሦስተኛዋ ናት፤ እሷም ቦታዋ ላይ መገኘት አለባት። የኢቭ መስኮት በየ680 ቀን ይመጣል። በእያንዳንዱ መስኮት ከርቢን በምህዋሯ ላይ ያለችበት ቦታ 215 ዲግሪ ገደማ ሲዘል፣ ጁል 50 ብቻ ትራመዳለች። ቀላል ሰንጠረዥ ሠርቼ መስኮቶቹን ወደ ፊት ቆጠርኩ። ጁል ፍጹም ቦታዋ ላይ ባትሆን እንኳ ትንሽ መላ አለ። በሁለተኛው የከርቢን ጨረፍታ ከሚያስፈልገኝ በላይ መታጠፍ ስለምችል ከጁል ምህዋር አልፌ ልወረወር እችላለሁ። ያኔ ቀድሜ እደርሳለሁ። የሚስማማውን መስኮት መረጥኩ፣ ማንቂያውን ሞላሁ፣ ጊዜውን አፈጠንኩ።

የጉዞ ቀን 0

ከመነሳቴ በፊት ቅንብሮች ውስጥ ገብቼ ካርታው ወደ ፊት የሚያሳየውን የምህዋር ቁራጭ ብዛት ከፍ አደረግሁ። በነባሪው ከኢቭ በኋላ ያለውን መንገድ በደንብ አያሳይም። ያንን ሳያዩ የስበት እገዛ ማቀድ በጨለማ መተኮስ ነው። ካሪየር በሚባለው የጨዋታ ስልት ላይ ከሆናችሁ ደግሞ የትራኪንግ ጣቢያውንና ሚሽን ኮንትሮልን ቀድማችሁ አሳድጉ፤ አለዚያ ማኑቨር ኖድ (ካርታው ላይ ግፊትን የምታቅዱበት ነጥብ) ራሱ የለም።

ግፊቱ ከርቢን ወደምትሄድበት ተቃራኒ ነው። 1,100 ተብሎ 1,100 አካባቢ ወጣ። የቴሪየር ሞተር ለዚህ መጠን ደስ ይላል፤ ግፊቱ አጭር ስለሆነ ከመስመር ብዙም አይስትም። የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሜትሮች የሞተሩን ኃይል ቀንሼ አስገባሁ።

የመንገድ ላይ እርማት

ወረቀቴ ጠፍጣፋ ነበር። ጨዋታው አይደለም። የኢቭ ምህዋር 2.1 ዲግሪ ያዘነብላል። ትንሽ ይመስላል። ኢቭ ግን በሰከንድ 10,900 ሜትር ገደማ ስለምትጓዝ 2.1 ዲግሪ ማለት እስከ 400 ሜትር በሰከንድ የሚደርስ ሽቅብ ወይም ቁልቁል ፍጥነት ነው። መገናኛዬ ከሁለቱ ምህዋሮች መቋረጫ ብዙም አልራቀም፤ አንድ ትንሽ እርማት በመንገድ አጋማሽ በቃ።

የተረፈውን ለኢቭ ተውኩላት። ብዙ ሰው የማይጠቀምበት ጥቅም ነው። ጨረፍታው ፍጥነትን ወደ ፊት ብቻ አይደለም የሚያዞረው። ትንሽ ወደ ደቡብ ወይም ወደ ሰሜን አጋድላችሁ ብታልፉ የምህዋሩን ማዘንበልም አብሮ ያስተካክላል። በሞተር ከተሠራ ውድ የሆነውን ነገር በነጻ።

እርማትን ቀድሞ መሥራት ለምን እንደሚረክስ ቀላል ሒሳብ አለው። ከመድረሻ 100 ቀን በፊት የሚሰጥ 1 ሜትር በሰከንድ፣ እዚያ ስትደርሱ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ያንቀሳቅሳችኋል። ስለዚህ ዋናውን ሞተር አጥፍቼ በአርሲኤስ፣ በትንንሾቹ የማስተካከያ ሞተሮች፣ ነው የሠራሁት። ዕይታውን ኢቭ ላይ አድርጌ፣ ኖዱን በጣም በትንሽ በትንሹ እየነካካሁ ከኢቭ በኋላ ያለውን መስመር ብቻ አየሁ። የኢቭ ከፍታ ራሱ ግብ አይደለም። ግቡ ከኢቭ በኋላ ከርቢን ጋ የሚሆነው ነው። 760 ኪሎ ሜትር ላይ ሲቀመጥ የከርቢን መገናኛ ምልክት ብቅ አለ።

የጉዞ ቀን 198፣ ኢቭ

ከኋላዋ፣ ከፀሐይ በራቀው ጎኗ አለፍኩ። ሐምራዊዋን ኢቭ ከዚህ ከፍታ ማየት ደስ ይላል። የሠራሁት ነገር ግን የለም፤ ሞተር ጠፍቷል። የፍጥነት መለኪያውን ከኢቭ ወደ ፀሐይ ብታዞሩት ቁጥሩ ሲወጣ ታያላችሁ።

ይህ ጉልበት ከየት መጣ ለሚል፦ እውነተኛ ፕላኔት ቢሆን ከራሷ የምህዋር ጉልበት ላይ ነው የሚቀነሰው፣ በማይለካ መጠን። ጨዋታው ውስጥ ፕላኔቶች በሐዲድ ላይ ስለሆኑ ኢቭ ምንም አልከፈለችም።

ከኢቭ ክልል እንደወጣሁ ሌላ ትንሽ እርማት። ከዚህ በኋላ ረጅም ዝምታ ነው። መስመሩ ከዱና ምህዋር አልፎ ተመልሶ ይወርዳል። ዱና በአጋጣሚ መንገድ ላይ እንደማትገባ አረጋገጥኩ።

የጉዞ ቀን 816፣ ከርቢን አንድ

በጣም የምወደው ክፍል ይህ ነው፤ በጣም ስሱ የሆነውም።

የሁለት ዓመቱን ዙር ለማግኘት 16 ዲግሪ ብቻ መታጠፍ ይበቃል። ይህ 1,060 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታን ይሰጣል። እንደገና ከኋላ። ጋሊልዮ በመጀመሪያው የምድር ጨረፍታዋ 960 ኪሎ ሜትር ላይ ነበር ያለፈችው። ከርቢን ከምድር በጣም ያነሰች ስለሆነች ቁጥሮቹ መቀራረባቸው አጋጣሚ ነው። ቢሆንም ፈገግ አሰኝቶኛል።

ስሱነቱን አሰላሁት። ከርቢን ጋ በከፍታ 1 ኪሎ ሜትር ብስት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ከርቢንን የምስታት ከ40,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የከርቢን የስበት ክልል ራዲየስ 84,159 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለት ኪሎ ሜትር ስህተት ማለት መገናኛው ራሱ ሊጠፋ ምንም አይቀረውም ማለት ነው። 1 ኪሎ ሜትር ደግሞ ጊዜው ሲፈጥን በቁጥር ማጠጋጋት ብቻ የሚመጣ ነገር ነው። ስለዚህ ከጨረፍታው በፊት ፍጹም ለማድረግ መታገል ዋጋ የለውም። ጠጋ አድርጎ ማለፍ፣ ከክልሉ እንደወጡ ማረም። ያኔ 40,000 ኪሎ ሜትሩን ለመመለስ ከግማሽ ሜትር በሰከንድ በታች ይበቃል።

አንድ ማሳሰቢያ። የከርቢን ጨረቃ ሙን 12,000 ኪሎ ሜትር ላይ ትዞራለች። የሷም የስበት ክልል አለ። መግቢያችሁ ወይም መውጫችሁ በዚያ ካለፈ መስመሩ ይታጠፋል። የኔ መስመር ሙን በተቃራኒው በኩል ሳለች ነው ያለፈው። ካልሆነ መድረሻውን በጥቂት ሰዓት ማዘግየት ይበቃል።

ከክልሉ ስወጣ የዙሩ ጊዜ ከ852 ቀን ትንሽ ይጎድል ነበር። አርሲኤስ፣ ትንሽ ግፊት፣ ተስተካከለ። የከርቢን ምልክት ከሁለት ዓመት በኋላ ብቅ አለ።

የጉዞ ቀን 1,668፣ ከርቢን ሁለት

ያው ነጥብ፣ ያው ፍጥነት። አሁን 25 ዲግሪ ተኩል ነው የምፈልገው። ከፍታው 360 ኪሎ ሜትር ሆነ። ጋሊልዮ ሁለተኛውን ያለፈችው 303 ላይ ነው። ገብቶ ለመውጣት ሁለት የከርቢን ቀን ያህል ፈጀ።

ሲወጣ መስመሩ እስከ 69 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ተዘረጋ። ሞተሩ ለእርማት ካልሆነ ከቀን 0 ጀምሮ አልነደደም። እስካሁን ለእርማት የወጣው ሁሉ ተደምሮ 60 አካባቢ ነው። 330 ገደማ በእጄ አለ።

ይህ ሁሉ ቁጠባ ሲታሰብ 830 ሜትር በሰከንድ ነው። ለቴሪየር ሞተር ይህ በመነሻ ክብደት ላይ 28 በመቶ ገደማ ነው። ለትንሽ መንኮራኩር እምብዛም አይደለም፤ እውነቱን ለመናገር አንድ ተጨማሪ ታንክ ይፈታዋል። ለትልቅ ጭነት ግን ሌላ ነገር ነው፤ 28 በመቶው በአስር ቶኖች ሲቆጠር የሚነሳው ሮኬት ራሱ ይለወጣል። ጊዜው ደግሞ በተቃራኒው ነው። ቀጥታው 1,120 ቀን ገደማ ይወስዳል። የኔ ከ2,600 በላይ። ጨዋታው ውስጥ ሌላ ሥራ ካላችሁ ማንቂያ ሞልታችሁ ርሱት።

ወደ ጁል መቃረብ

ጁል ዘንድ ለመቅረት ሞተር አያስፈልግም፤ ጨረቃዋ ታይሎ ትበቃለች። ታይሎ ራዲየሷ 600 ኪሎ ሜትር ነው፣ የከርቢን አካል ያህል። አየር የላትም። ስበቷ ግን ትልቅ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ማረፊያ አድርጌ ስፈራት ኖሬ አሁን ወዳጄ ሆነች።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ጁል ክልል የምገባው በ1,800 ትርፍ ፍጥነት ነው። የታይሎ ምህዋር ርቀት ጋ ስደርስ የጁል ስበት አፍጥኖኝ 3,390 እሆናለሁ። እዚያ ላይ ከጁል ለማምለጥ የሚበቃው ፍጥነት 2,870 ነው። ስለዚህ ከ520 በላይ መቀነስ አለብኝ። ታይሎ በምህዋሯ 2,030 ትሄዳለች። ከእሷ አንጻር ፍጥነቴ 1,360 ብቻ ነው። በዚህ ፍጥነት ዝቅ ብዬ ካለፍኳት ወደ 90 ዲግሪ ታጥፈኛለች። አሁን ከፊቷ ነው የማልፈው፤ ከፊት ማለፍ ፍጥነት ይወስዳል። ስወጣ 2,500 አካባቢ እሆናለሁ። ተያዝኩ ማለት ነው።

ጋሊልዮም ጁፒተር በደረሰች ቀን የጁፒተርን ጨረቃ አዮን ጨርፋ ፍጥነት ቀንሳለች። ከዚያ በኋላ ግን ሞተሯንም አንድዳለች። የእኔዋ ሞተር አያስፈልጋትም፤ ታይሎ ከአስተናጋጇ ጋር ስትነጻጸር ከአዮ በጣም የከበደች ናት።

ታይሎ ጁልን በ9.8 ቀን ትዞራለች። ስለዚህ ከሩቅ ሳለሁ መድረሻዬን ከአምስት ቀን በማይበልጥ ማዘግየት ወይም ማፋጠን ታይሎን በፈለግሁት ቦታ ያስቀምጥልኛል። ብዙ ርቀት ስለቀረ ዋጋው ከ10 ሜትር በሰከንድ በታች ሆነ። የጁልን ቅርብ ነጥብም በታይሎ ምህዋር አካባቢ አደረግሁት፤ እንዲህ ሲሆን አቀራረቡ ከታይሎ ጉዞ ጋር ይስተካከላል። ኢቭ ጋ ሊያከስረኝ የነበረው ታክኮ መምጣት እዚህ በትክክል የምፈልገው ነው፤ ማጣት ነውና ዓላማው።

ጁል አካባቢ የፀሐይ ብርሃን ከርቢን ከምታገኘው 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ትንንሾቹ የፀሐይ ፓነሎቼ ባትሪውን ቀስ እያሉ ነው የሚሞሉት። አንቴናውን አጥፌ ቆየሁ፣ ለማዞር የሚበቃ ኤሌክትሪክ እንዲኖር።

ታይሎ

የማልፍበትን ከፍታ የመረጥኩት ለመያዝ ብቻ አልነበረም። 30 ኪሎ ሜትር ላይ ባልፍ ዙሬ 24 ቀን ገደማ ይሆናል። ይህ ከታይሎ ዙር ጋር አይገጥምም። ትንሽ ከፍ ብዬ፣ 90 ኪሎ ሜትር አካባቢ ካለፍኩ ግን 29.4 ቀን ይሆናል። ያ የታይሎ ሦስት ዙር ነው። እሷ ሦስቴ ስትዞር እኔ አንዴ፣ እና እዚያው ነጥብ ላይ እንደገና።

88 ላይ አለፍኩ። የማምለጫ መስመሩ ካርታው ላይ ታጥፎ ተዘጋ፤ ሞላላ ምህዋር ሆነ። ዙሩ 29 ቀን ተኩል። ከክልሏ ወጥቼ ትንሽ በአርሲኤስ አስተካከልኩትና የሚቀጥለው የታይሎ መገናኛ ብቅ አለ። ታንኩ ውስጥ 315 አለ።

ሁለተኛው ታይሎ ዙሩን ወደ 19.6 ቀን ያወርደዋል፤ ሁለት የታይሎ ዙር። ከዚያ የምህዋሩ ሩቅ ነጥብ ሲቀንስና ቅርቡ ወደ ሌላዋ የጁል ጨረቃ ወደ ሌይዝ ሲወርድ የሌይዝ 50 ኪሎ ሜትር ከባቢ አየር ቀሪውን ፍሬን ሊሠራልኝ ይችላል። የሙቀት መከላከያ ግን አልጫንኩም፤ ለዱና ነበር የተሠራችው። ስለዚህ ሌይዝን በአየር ሳይሆን በስበት ብቻ ነው የምጠቀመው፣ ቢያንስ ከፍ ብዬ። የጁል ጨረቃዎች ሌይዝ፣ ቫልና ታይሎ በአንድ፣ ሁለት፣ አራት የዙር ጊዜ ሬሾ ስለሚዞሩ የሚቀጥለው ሰንጠረዥ ከመጀመሪያው አጭር ይሆናል። ማንቂያው ለ29 ቀን ተኩል ተሞልቷል።